ብቸኛ ቁጥሮችን በወንፊት ነፍቶ ስርጭታቸውን መቁጠር፦ ከደብተር እስከ አንድ ቢሊዮን

ብቸኛ ቁጥር (ብዙዎቻችን ፕራይም የምንለው) ከ1 የሚበልጥ፣ ከ1 እና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው ያልተገኘለት ሙሉ ቁጥር ነው። ይህን ትርጉም አንደኛ ደረጃ የጨረሰ ሁሉ ያውቀዋል። ቁጥሮቹ በቁጥር መስመሩ ላይ እንዴት እንደተበተኑ ግን ትርጉሙን በማወቅ አይገባም፤ ራስ ሠንጠረዥ ሠርቶ መቁጠር ይጠይቃል። እዚህ የምናሳየው አሠራር በእርሳስና በደብተር ተጀምሮ በኮምፒውተር አንድ ቢሊዮን ላይ ይደርሳል። በየደረጃው ሥራው ትክክል መሆኑን የሚያረጋግጥ የታወቀ ቁጥር አስቀምጠናል። እነዚህን ማረጋገጫዎች አትዝለሏቸው። ከተሳሳተ ሠንጠረዥ የሚወጣ «ሕግ» የስህተቱ ሕግ እንጂ የቁጥሮቹ አይደለም።

ሠንጠረዡን መሥራት

ዘዴው የኤራቶስቴንስ ወንፊት ይባላል። ኤራቶስቴንስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ክፍለ ዘመን በእስክንድርያ የኖረ ሊቅ ነው። ሐሳቡ ዱቄት እንደ መንፋት ነው፤ የ2ን ብዜቶች አውጥቶ መጣል፣ ከዚያ የ3ን፣ የ5ን፣ እያሉ መቀጠል፤ በመጨረሻ ወንፊቱ ላይ የሚቀሩት ብቸኛዎቹ ናቸው።

ትምህርት ቤት የምናውቀው አሥር በአሥር የሆነው ሠንጠረዥ ለ100 ይበቃል። ለ1000 ግን ድካም ነው፤ ከሚጻፉት ቁጥሮች ውስጥ ከ700 በላይ የሚሆኑት የ2፣ የ3 ወይም የ5 ብዜት ስለሆኑ የሚጻፉት ለመሰረዝ ብቻ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው አትጻፏቸው። ባለ ካሬ ደብተር ላይ ስምንት ዓምድ ከፍታችሁ እንዲህ ጀምሩ፦

1፣ 7፣ 11፣ 13፣ 17፣ 19፣ 23፣ 29
31፣ 37፣ 41፣ 43፣ 47፣ 49፣ 53፣ 59
61፣ 67፣ 71፣ 73፣ 77፣ 79፣ 83፣ 89

እያንዳንዱ ረድፍ ከበላዩ ያለው ላይ 30 በመደመር ይገኛል። 30 የ2፣ የ3 እና የ5 ብዜት ስለሆነ፣ የመጀመሪያው ረድፍ ከሦስቱ ነጻ ከሆነ ሌሎቹም ነጻ ይሆናሉ። 34 ረድፍ ስትጽፉ የመጨረሻው ይህ መሆን አለበት፦

991፣ 997፣ 1001፣ 1003፣ 1007፣ 1009፣ 1013፣ 1019

በጠቅላላው 272 ቁጥር ነው። 30 ሲደመር የመጨረሻው አኃዝ ስለማይለወጥ፣ እያንዳንዱ ዓምድ ከላይ እስከ ታች በአንድ አኃዝ ያልቃል። ወደ ታች ስታዩ አኃዙ የተቀየረበት ቦታ ካለ የመደመር ስህተት እዚያ ነው።

አሁን 1ን ሰርዙ፤ ብቸኛ አይደለም። ከዚያ በ7፣ በ11፣ በ13፣ በ17፣ በ19፣ በ23፣ በ29 እና በ31 ንፉ። ከዚህ ማለፍ አያስፈልግም፤ አንድ ቁጥር የሁለት ቁጥሮች ብዜት ከሆነ ትንሹ አባዢ ከስኩዌር ሩቱ አይበልጥም፣ የ1020 ስኩዌር ሩት ደግሞ 32 እንኳን አይሞላም።

በእያንዳንዱ ዙር መነሻው የቁጥሩ ስኩዌር ነው። በ7 ስትነፉ 7 × 7 = 49ን ሰርዙ፤ ቀጥሎ 7ን በሠንጠረዡ ላይ ከ7 በኋላ በሚመጡት ቁጥሮች በተራ አባዙ፦ 77፣ 91፣ 119፣ 133፣ 161፣ 203፣ 217፣ እያለ 7 × 143 = 1001 ላይ ያበቃል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። 7ን በብቸኛ ቁጥሮች ብቻ ያባዛና 49ን፣ 77ን፣ 91ን «ተሰርዘዋል» ብሎ ይዘላቸዋል። እንዲህ ሲሆን 343 (7 × 49)፣ 539 (7 × 77) እና 637 (7 × 91) ሳይሰረዙ ቀርተው ብቸኛ ይመስላሉ። አባዢው የተሰረዘም ቢሆን ማባዛት ግድ ነው።

በየዙሩ አዲስ የሚሰረዙት ስንት እንደሆኑ አስቀድሞ ይታወቃል። በ7 38፣ በ11 20፣ በ13 16፣ በ17 11፣ በ19 9፣ በ23 6፣ በ29 2፣ በ31 1፤ ድምሩ 103። ቀደም ሲል በሌላ የተሰረዘውን አትቁጠሩ። ለምሳሌ 1001 የ7፣ የ11 እና የ13 ብዜት ነው፤ የሚቆጠረው ግን በ7 ዙር ብቻ ነው። ለየዙሩ የተለያየ ቀለም እስክሪብቶ መጠቀም ይህን ቆጠራ በጣም ያቀልለዋል። በ23 የሚሰረዙት ስድስቱ 529፣ 667፣ 713፣ 851፣ 943 እና 989 ናቸው፤ በ29 841 እና 899፤ በ31 961 ብቻ። በዓይን ሲታዩ ብቸኛ የሚመስሉት እነዚህ ናቸውና ሠንጠረዣችሁ ላይ አንድ በአንድ ፈልጓቸው።

ከ272 ላይ 103ቱንና 1ን ስንቀንስ 168 ይቀራል። እስከ 1000 ያሉት ብቸኛ ቁጥሮችም 168 ናቸው፤ ሁለቱ 168 መሆናቸው ግን አጋጣሚ ነው። ሠንጠረዡ ላይ 2፣ 3 እና 5 የሉም፤ በአንጻሩ ከ1000 የሚያልፉት 1009፣ 1013 እና 1019 አሉ። ሦስት ገብቶ ሦስት ሲወጣ ቁጥሩ አንድ ሆነ። ሠንጠረዡን ወደ 2000 ብታሳድጉት እንዲህ ያለ አጋጣሚ ላይ አትተማመኑ።

አንድ ቁጥር ብቻ ሲጠየቅ

ሠንጠረዥ ሳያስፈልግ አንድ ቁጥር ብቸኛ መሆኑን ለማወቅ፣ እስከ ስኩዌር ሩቱ ባሉት ብቸኛ ቁጥሮች በተራ ማካፈል በቂ ነው። 2017ን እንውሰድ። ስኩዌር ሩቱ ከ45 ትንሽ ያንሳል፤ ስለዚህ እስከ 43 እናካፍላለን። የ2፣ የ3 እና የ5 ብዜት አለመሆኑ በዓይን ይታያል። ቀሪዎቹ በ7 1፣ በ11 4፣ በ13 2፣ በ17 11፣ በ19 3፣ በ23 16፣ በ29 16፣ በ31 2፣ በ37 19፣ በ41 8፣ በ43 39 ናቸው። አንዱም ዜሮ ስላልሆነ 2017 ብቸኛ ነው። 2021 ደግሞ ጎረቤቱ ሆኖ ሳለ 43 × 47 ነው። በ41 ላይ ደክሞት ያቆመ ሰው 2021ን ብቸኛ ብሎ ይመዘግባል፤ የመጨረሻዋ ማካፈል የማትዘለለው ለዚህ ነው።

አካፋይ ሲገኝ ውጤቱን ይዞ መቀጠል ይቻላል። የባሕረ ሐሳቡን ዐቢይ ቀመር 532ን በ2 ስናካፍል 266፣ እንደገና በ2 133፣ በ7 19 ይመጣል። 19 ብቸኛ ስለሆነ እዚያ ይቆማል፦ 532 = 2 × 2 × 7 × 19። ንዑስ ቀመሩ 19 እና ማዕከላዊ ቀመሩ 76 በውስጡ ቁልጭ ብለው ይታያሉ።

በመቶ በመቶ መቁጠር

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ሠንጠረዡን በመቶ በመቶ ከፋፍላችሁ ቁጠሩ (2ን፣ 3ን እና 5ን በመጀመሪያው መቶ ላይ ጨምሩ)። ውጤቱ ይህ ነው፦

25፣ 21፣ 16፣ 16፣ 17፣ 14፣ 16፣ 14፣ 15፣ 14

ሁለት ነገር በአንድ ላይ ይታያል። ቁጥሮቹ እየሳሱ ይሄዳሉ፤ ነገር ግን በሥርዓት እየቀነሱ አይደለም። አምስተኛው መቶ ከአራተኛው ይበልጣል፣ ሰባተኛው ከስድስተኛው። በአንድ መቶ ውስጥ ሆኖ የሚያይ ሰው ዝብርቅርቅ እንጂ ሥርዓት አያገኝም። ከሩቅ ሆኖ ለሚያይ ግን ቀጭንና ቀጥ ያለ ሕግ አለ፦ በአንድ ቁጥር አካባቢ ካሉት ቁጥሮች ውስጥ ብቸኛ የሚሆነው ድርሻ፣ 1 ለቁጥሩ የተፈጥሮ ሎጋሪዝም ተካፍሎ የሚገኘውን ያህል ነው።

በካልኩሌተር ሞክሩት። የ950 የተፈጥሮ ሎጋሪዝም 6.856 ነው፤ 100ን ለእሱ ስታካፍሉ 14.6 ይመጣል፤ በአሥረኛው መቶ የቆጠርነው 14 ነው። ለ450 ግምቱ 16.4፣ ቆጠራው 17። ለ150 ግምቱ 20፣ ቆጠራው 21። ለ550 ግን ግምቱ 15.8 ሲሆን የቆጠርነው 14 ነው። ይህ ልዩነት የስሌት ስህተት አይደለም፤ መቶ ቁጥር በጣም ጠባብ መስኮት ስለሆነ ነው። መስኮቱን ስታሰፉት ልዩነቱ ከጠቅላላው አንጻር እየከሰመ ይሄዳል።

ጥንቃቄ የሚጠይቅ አንድ ነገር አለ። ካልኩሌተር ላይ ሁለት የሎጋሪዝም ቁልፎች አሉ፤ ኤክሴልም ሁለቱን ይለያል። «ሎግ» የሚለው መሠረቱ 10 ነው፤ እዚህ የምንፈልገው «ኤል ኤን» የተጻፈበትን ነው። የ1,000,000 ሎጋሪዝም በመጀመሪያው 6፣ በሁለተኛው 13.8 ነው። ግምታችሁ ከቆጠራው ከእጥፍ በላይ ከሆነ የተጫናችሁት ሌላውን ቁልፍ ነው።

የሒሳብ ሊቁ ጋውስ ይህን ያስተዋለው በቀመር ሳይሆን ልክ እንዲህ በመቁጠር ነበር። በ1849 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለሥነ ፈለክ ሊቁ ኤንከ በጻፈው ደብዳቤ፣ በ1792 ወይም በ1793 ገና ልጅ ሳለ ጉዳዩን እንደጀመረና ከዚያ ወዲያ ትርፍ ሩብ ሰዓት ባገኘ ቁጥር ሺህ በሺህ ይቆጥር እንደነበር ነግሮታል። ሕጉ በማስረጃ የተረጋገጠው ከመቶ ዓመት በኋላ በ1896 ነው፤ አዳማር እና ደ ላ ቫሌ ፑሰን የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ለየብቻ ሠርተው ባንድ ዓመት ደረሱበት።

ክፍተቶቹን መመዝገብ

ከሠንጠረዡ የሚወጣው ሁለተኛው ሀብት ክፍተቱ ነው፦ ከአንዱ ብቸኛ ቁጥር እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት። መጀመሪያዎቹ 1፣ 2፣ 2፣ 4፣ 2፣ 4፣ 2፣ 4፣ 6፣ 2 ናቸው። 168 ቁጥሮች 167 ክፍተት አላቸው። በየዓይነቱ ስትደረድሯቸው ይህን ማግኘት አለባችሁ፦

ክፍተት 1፦ 1 ጊዜ
ክፍተት 2፦ 35
ክፍተት 4፦ 40
ክፍተት 6፦ 44
ክፍተት 8፦ 15
ክፍተት 10፦ 16
ክፍተት 12፦ 7
ክፍተት 14፦ 7
ክፍተት 18፦ 1
ክፍተት 20፦ 1

ማረጋገጫው ቀላል ነው። እያንዳንዱን ክፍተት በድግግሞሹ አባዝታችሁ ስትደምሩ 995 ይመጣል፤ ይህም ከመጨረሻው ብቸኛ ቁጥር ከ997 ላይ የመጀመሪያውን 2ን ስትቀንሱ የሚገኘው ነው። አንድ ብቸኛ ቁጥር ብትዘሉ ግን ይህ ድምር አይነግራችሁም፤ ሁለት ክፍተት ተዋህዶ አንድ ይሆናል እንጂ ድምሩ አይለወጥም። ስለዚህ ሁለቱንም ቁጠሩ፦ ብዛቱ 167፣ ድምሩ 995።

ክፍተት 16 የለም። ስህተት እንዳይመስላችሁ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመጣው ከ1831 እስከ 1847 ነው። ክፍተት 14 ግን ቀድሞ በ113 እና በ127 መካከል ታይቷል። ክፍተቶች በመጠናቸው ተራ አይመጡም።

ትልቁን ክፍተት 20ን ቀረብ ብላችሁ እዩት። ከ887 በኋላ በሠንጠረዡ ላይ 889፣ 893፣ 899፣ 901 ይከተላሉ። 889 የ7 እና የ127፣ 893 የ19 እና የ47፣ 899 የ29 እና የ31፣ 901 የ17 እና የ53 ብዜት ነው። አራት የተለያዩ ወንፊቶች በየራሳቸው እርምጃ መጥተው አንድ አካባቢ ተገናኙ፤ ከዚያ 907 ብቅ አለ። ሰፊ ክፍተት የሚፈጠረው ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ ቦታውን በረሃ የሚያደርግ ሌላ ምስጢር የለም። ከዚያው በፊት ደግሞ 877፣ 881፣ 883 እና 887 ተጠጋግተው ተቀምጠዋል።

6 ለምን ብዙ ሆነ? ከ3 በላይ ያለ ብቸኛ ቁጥር ለ3 ሲካፈል ቀሪው 1 ወይም 2 ነው። ቀሪው 1 በሆነ ቁጥር ላይ 2 ብትደምሩ የ3 ብዜት ይሆናል፤ ቀሪው 2 በሆነው ላይ 4 ብትደምሩም እንዲሁ። 2 እና 4 ለግማሾቹ ዝግ ናቸው ማለት ነው፤ 6 ግን ለሁሉም ክፍት ነው። የ6 የበላይነት በጣም ሩቅ ይሄዳል። ስሌቱ እንደሚጠቁመው 36 አኃዝ ባላቸው ቁጥሮች አካባቢ ቦታውን ለ30 ይለቃል፤ ይህ ግን መላ ምት እንጂ የተረጋገጠ አይደለም።

ክፍተታቸው 2 የሆኑት መንትያ ብቸኛ ቁጥሮች ይባላሉ። እስከ 1000 ድረስ 35 ጥንዶች፣ እስከ 1,000,000 ድረስ 8,169 ጥንዶች አሉ። ማለቂያ ይኑራቸው አይኑራቸው እስካሁን አልተረጋገጠም። በ2013 ዣንግ ይታንግ ከ70 ሚሊዮን በማይበልጥ ርቀት የተጠጋጉ ጥንዶች ማለቂያ እንደሌላቸው አረጋገጠ፤ ሌሎች ተረባርበው ርቀቱን ወደ 246 አወረዱት። ከ246 ወደ 2 ያለው መንገድ አሁንም አልተከፈተም።

አንድ ሚሊዮን በኮምፒውተር

በፓይዘንም ሆነ በሌላ ቋንቋ አሠራሩ አንድ ነው። ከ0 እስከ 1,000,000 ለእያንዳንዱ ቁጥር አንድ ባይት ያለው ዝርዝር ይፈጠራል፤ ሁሉም «1» ይደረጋል፤ የ0 እና የ1 ቦታ ወደ «0» ይለወጣል። ከዚያ ከ2 እስከ 1000 ያለውን ቁጥር ሁሉ በተራ ማየት፤ ቦታው «1» ከሆነ ከስኩዌሩ ጀምሮ በራሱ እርምጃ እየዘለሉ ወደ «0» መለወጥ። በመጨረሻ የቀሩትን «1»ዎች መደመር። ሜሞሪው አንድ ሜጋባይት ያህል ነው፤ ማንኛውም ኮምፒውተር በሰከንዶች ይጨርሰዋል።

ውጤቱ 78,498 መሆን አለበት። 78,499 ከመጣ 1 ተቆጥሯል። 78,497 ከመጣ፣ ምናልባት ሜሞሪ ለመቆጠብ ኢተጋማሾቹን ብቻ ይዛችሁ 2ን ረስታችኋል። አስቸጋሪው ሦስተኛው ነው፦ 1ን ሳትሰርዙ 2ን ብትረሱ ሁለቱ ስህተቶች ተጣፍተው ትክክለኛው 78,498 ይመጣል። ስለዚህ ብዛቱን ብቻ አትመኑ፤ የመጀመሪያዎቹን አሥርና የመጨረሻውን አሳትሙ። የመጨረሻው 999,983 ነው።

ሌላው የተደበቀ ስህተት በሉፑ መጨረሻ ላይ ነው። ፓይዘን ውስጥ የክልሉ የመጨረሻ ቁጥር አይካተትም። ሉፑ 1000 ላይ ሳይደርስ ቢቆም 1000 ብቸኛ ስላልሆነ ጉዳት የለውም፤ ኮዱም ትክክል ይመስላል። በ961 ፈትኑት። 961 የ31 ስኩዌር ነው፤ እስከዚያ ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች 162 ናቸው። 163 ካገኛችሁ ሉፑ 31ን አላካተተም፣ 961ም ሳይሰረዝ አልፏል። በሲ እና በጃቫ ለምትጽፉ ደግሞ፣ ስኩዌሩን በ32 ቢት ኢንቲጀር ብታሰሉ 46,341 ላይ ስትደርሱ ከአቅሙ ያልፍና ወደ ኔጌቲቭ ይዞራል። ለሚሊዮን አይነካችሁም፤ ወንፊቱን ለማስፋት ስትሞክሩ ግን ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ስህተት ይሆናል።

ተጨማሪ ማረጋገጫ በመጨረሻ አኃዝ መክፈል ነው። እስከ ሚሊዮን በ1 የሚያልቁት 19,617፣ በ3 19,665፣ በ7 19,621፣ በ9 19,593 ናቸው፤ በዚያ ላይ 2 እና 5። አራቱ እንዴት እኩል እኩል እንደተካፈሉት ልብ በሉ።

ግምቱን ከቆጠራው ጎን ማስቀመጥ

ሁለት ግምት እንሥራ። አንደኛው ቁጥሩን ለሎጋሪዝሙ ማካፈል ነው። ሁለተኛው የጋውስ ነው፦ ከ2 ጀምሮ ለእያንዳንዱ ቁጥር 1 ለሎጋሪዝሙ ተካፍሎ የሚገኘውን እየደመሩ መሄድ። ጋውስ የተጠቀመው ኢንቲግራሉን ነው፤ ለእኛ ድምሩ ይበቃል፣ ልዩነቱ ከሁለት አይበልጥም። ኤክሴል 1,048,576 ረድፍ ስላለው ሚሊዮኑ ይገባል።

እስከ 1000፦ ቆጠራ 168፣ ማካፈል 145፣ ድምር 177
እስከ 10,000፦ ቆጠራ 1,229፣ ማካፈል 1,086፣ ድምር 1,246
እስከ 100,000፦ ቆጠራ 9,592፣ ማካፈል 8,686፣ ድምር 9,630
እስከ 1,000,000፦ ቆጠራ 78,498፣ ማካፈል 72,382፣ ድምር 78,627

ማካፈሉ ሚሊዮን ላይ እንኳን በ6,000 ያህል ያንሳል። ምክንያቱም ትናንሾቹ ቁጥሮች ዘንድ ብቸኛዎቹ ጥቅጥቅ ብለው ሳለ፣ ለሁሉም በመጨረሻው ቁጥር ጥግግት ስለሚለካ ነው። ድምሩ በየቦታው የቦታውን ጥግግት ስለሚወስድ የሚስተው በ129 ብቻ ነው። ኤክሴል የሌለው ሰው ከሎጋሪዝሙ ላይ 1 ቀንሶ ቢያካፍል 78,030 ያገኛል፤ ለፈጣን ግምት ከዚህ የተሻለ ነገር አያስፈልገውም።

በሠንጠረዡ ላይ ድምሩ ሁልጊዜ ከቆጠራው ይበልጣል። ማንም ቆጥሮ በደረሰበት ቦታ ሁሉ የጋውስ ግምት እንዲህ በልጦ ተገኝቷል። ሆኖም ሊትልውድ በ1914 ቆጠራው ግምቱን የሚበልጥበት ቦታ እንዳለ፣ እንዲያውም ብልጫው ማለቂያ በሌለው ጊዜ እንደሚቀያየር አረጋገጠ። አንዱ ቦታ 317 አኃዝ ባለው ቁጥር አካባቢ እንደሚገኝ ተሰልቷል፤ በመቁጠር የሚደረስበት አይደለም።

ያገኛችሁትን ቅደም ተከተል መፈለግ

ስትቆጥሩ የራሳችሁ የቁጥር ቅደም ተከተሎች ይወጣሉ። ከዚህ በፊት ታውቀው እንደሆነ የሚነግራችሁ የኢንቲጀር ቅደም ተከተሎች የኦንላይን ኢንሳይክሎፒዲያ ነው። ኒል ስሎን በ1964 መሰብሰብ ጀመረ፤ በ1973 በመጽሐፍ ሲያወጣው 2,372 ቅደም ተከተሎች ነበሩት። ዛሬ እያንዳንዱ በላቲኑ ኤ ፊደልና በስድስት አኃዝ ይታወቃል። ብቸኛ ቁጥሮች 000040፣ ክፍተቶቻቸው 001223፣ በየጊዜው አዲስ ክብረ ወሰን የሆኑት ክፍተቶች 005250 ናቸው።

ስትፈልጉ ከስድስት እስከ ስምንት ተርም (የቅደም ተከተሉን ቁጥሮች) በኮማ ለይታችሁ አስገቡ። የመጀመሪያውን አንድ ወይም ሁለት ተርም መተው ይሻላል፤ አንዱ ከ0፣ ሌላው ከ1 ስለሚጀምር እዚያ ላይ ነው የማይገጣጠመው። ካልተገኘ የመጨረሻውን ተርም ደግማችሁ አስሉ፤ ስህተት አብዛኛውን ጊዜ ያለው ትልቁ ቁጥር ላይ ነው። የክብረ ወሰን ክፍተቶቹን 2፣ 4፣ 6፣ 8፣ 14፣ 18፣ 20፣ 22፣ 34 ብላችሁ ሞክሩ። ከሚሊዮን በታች የመጨረሻው ክብረ ወሰን ከ492,113 በኋላ የሚመጣው 114 ነው፤ ኮዳችሁ ይህን ማግኘት አለበት።

ሁለት ወይም ሦስት ተርም ብቻ ይዞ «ሕግ አገኘሁ» ማለት ግን ትልቁ ወጥመድ ነው። 31፣ 331፣ 3331፣ 33331፣ 333331፣ 3333331፣ 33333331 ሁሉም ብቸኛ ናቸው። ሰባት ተከታታይ ምስክር ማንንም ያሳምናል። ስምንተኛው 333333331 ግን 17 × 19607843 ነው። ኦይለር ያገኘው ደግሞ ከዚህ ይረዝማል፤ አንድን ቁጥር በራሱ አባዝቶ፣ ያንኑ ቁጥር ጨምሮ፣ 41 ሲደመርበት ከ0 እስከ 39 ድረስ ሁልጊዜ ብቸኛ ይሰጣል፤ በ40 ግን 1681 ይመጣል፣ ይህም 41 × 41 ነው።

ለ4 ሲካፈሉ የሚተርፈውን ቁጠሩና የበለጠ ታያላችሁ። እስከ 1000 ድረስ ቀሪያቸው 1 የሆኑት 80፣ ቀሪያቸው 3 የሆኑት 87 ናቸው። በየቁጥሩ እያቆማችሁ ብታወዳድሩ ባለ 3ዎቹ ይመራሉ ወይም እኩል ይሆናሉ፤ እስከ 10,000 ብትሄዱም አይለወጥም። ቼቢሼቭ ይህን ዝንባሌ በ1853 ጽፎታል። በ26,861 ላይ ግን ባለ 1ዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ይቀድማሉ፤ ይህ የታወቀው በ1957 ነው። ወዲያው 26,863 ባለ 3 ሆኖ ይመጣና እኩል ይሆናሉ። ቀጥሎ ባለ 1ዎቹ የሚመሩት 616,841 ላይ ነው። ወንፊታችሁ ሚሊዮን ከደረሰ ሁለቱንም በራሳችሁ ቆጠራ ታገኟቸዋላችሁ።

ወደ ቢሊዮን

ቢሊዮን ባይት በአንድ ጊዜ መያዝ ለብዙ ኮምፒውተር ከባድ ነው፤ የሚይዘውም ቢሆን ይዘገያል። መፍትሔው በክፍል በክፍል መንፋት ነው። መጀመሪያ እስከ 31,622 ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች አውጡ፤ 3,401 ናቸው። ከዚያ አንድ ሚሊዮን ባይት ያላትን አንድ ዝርዝር ደጋግማችሁ ለሺህ ክፍሎች ተጠቀሙባት።

በየክፍሉ ለእያንዳንዱ ብቸኛ ቁጥር የሚሰረዘውን የመጀመሪያ ብዜት መፈለግ አለባችሁ። የክፍሉን መነሻ ለብቸኛ ቁጥሩ አካፍሉ፤ ቀሪው ዜሮ ከሆነ መነሻው ራሱ ነው፤ ካልሆነ መነሻው ላይ ብቸኛ ቁጥሩን ደምራችሁ ቀሪውን ቀንሱ። ያገኛችሁት ከብቸኛ ቁጥሩ ስኩዌር ካነሰ በስኩዌሩ ተኩት። ይህን የመጨረሻ እርምጃ የረሳ ሰው በመጀመሪያው ክፍል 7 ራሱን፣ 11 ራሱን እየሰረዙ 3,401ዱም ይጠፉበታል።

ድምሩን በየመንገዱ ፈትሹት። ከመጀመሪያው ክፍል በኋላ 78,498፣ ከአሥር በኋላ 664,579፣ ከመቶ በኋላ 5,761,455፣ ከሺህ በኋላ 50,847,534። አራቱም ቢገጥሙ እንኳን አንድ ፈተና ይቀራል። የአንዱ ክፍል መጨረሻ የቀጣዩ መነሻ ሆኖ ሁለት ጊዜ እየተቆጠረ ሊሆን ይችላል፤ የሚሊዮን ብዜት ብቸኛ ስለማይሆን ስህተቱ በድምሩ ላይ አይታይም። የክፍሉን መጠን ከ1,000,000 ወደ 999,983 ቀይራችሁ፣ የመጨረሻውን ክፍል ቢሊዮን ላይ ቆርጣችሁ እንደገና አስኬዱት። ወሰኑ አሁን ብቸኛ ቁጥር ላይ ስለሚያርፍ፣ 50,847,535 ከመጣ ድንበሩ ሁለት ጊዜ ተቆጥሯል።